ከወንበሩ ጀርባ የቆሙት ሴትዮ

ሰው ሁሉ «መቀስ» ይላታል። በእውነተኛ ስሟ የሚጠሯት የወለዷት እናቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባሏ እንኳ ካልተቆጣ በቀር መቀስ ነው የሚላት። መቀስ ይበሏት እንጂ የብረት መቀስ ከጨበጠች ዓመታት አልፈዋል። የምትቆርጠው በማውስ ነው። የምትቆርጠውም ጨርቅ ሳይሆን ፎቶ ነው።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ እስቲ እኔ ልሞክር። አንድ ነጋዴ ጫማ ይሸጣል እንበል። ጫማውን ወለል ላይ ያስቀምጥና በስልኩ ያነሳዋል። ከጫማው ጋር የወለሉ ቆሻሻ፣ የጠረጴዛ እግር፣ የነጋዴው አውራ ጣት ሳይቀር ፎቶው ውስጥ ይገባል። ያንን ዝባዝንኬ ሁሉ ልቅም አድርጋ አውጥታ ጫማውን ብቻውን የምታስቀረው መቀስ ናት። ከጫማው ውጪ ያለው ቦታ እንደ መስኮት መስታወት ያሳልፋል፤ ድረ ገጹ ቀይ ቢሆን ጫማው ቀይ ላይ፣ ሰማያዊ ቢሆን ሰማያዊ ላይ ጉብ ይላል። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ግን ያ ባዶ ቦታ የሚታየው እንደ ዳማ ገበታ፣ በግራጫና በነጭ ካሬዎች ነው። በቀን አርባ ፎቶ ታወጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታይ የዋለችው ያንን ዳማ ነው፤ ዓይኗን ስትጨፍን እንኳ አይለቃትም።

እጇን ማንም አይስተካከለውም። ፀጉር በሉት፣ ላባ በሉት፣ ዳንቴል በሉት፣ ሌላው እርም ብሎ የሚተወውን እሷ ትወጣዋለች። ቆርጣ ስትጨርስ ከሥሩ ደማቅ ቀይ ቀለም ትደፋበታለች፤ ያልጠራ ነገር ካለ ቀዩ ላይ ይጋለጣል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ገበታ ላይ ትክ ብላ ካየችው፣ «ኧረ ተይኝ! ጆሮዬን ልትከረክሚው ነው እንዴ?» ይላታል። እሷም አትለቀው፣ «ጆሮህስ ምን አደረገኝ፣ አፍህን ነበር» ትለዋለች። ልጅ የላቸውም። ሳቅ ግን ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም።

ሥራውን ያስተማሯት አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ቁጡ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው፣ «ከዕቃው ጀርባ ያለውን አትይ። ካየሽ ትፈዢያለሽ፣ ከፈዘዝሽ ይመሽብሻል» የሚል ነበር። ትምህርቱ ገባት። በዚያ ኮምፒውተር ስንት ሰው ቤት ገብታለች መሰላችሁ! ያልተነጠፈ አልጋ፣ ያልታጠበ ሳህን፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሟች ፎቶ፣ ሁሉንም አይታ እንዳላየች ጠርጋ ትጥላለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የሚነቅዝ ዝምታም አለ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚሸጥ አንድ ደንበኛ አለ፤ ቢሮው ውስጥ «ዕቃ ነጋዴው» ይሉታል። የአንድ ቤት ዕቃ እንዳለ ሊሸጥ ነው አለና ፎቶዎቹን በሳምንት ሦስት ቀን ይልክ ጀመር። የመጀመሪያው የእንጨት ወንበር ነበር፤ መደገፊያው በእጅ የተጠረበ፣ ዱሮ የተሠራ ደህና ዕቃ። ከወንበሩ ጀርባ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ነጭ ሻሽ አስረዋል። በሁለት እጃቸው መደገፊያውን ጭምድድ አድርገው ይዘው ካሜራውን ቀጥ ብለው ያያሉ።

መቀስ ተበሳጨች። ለምን ብትሉ፣ ጣቶቹ እንጨቱ ላይ አርፈዋል፤ ዙሪያውን መቁረጥ ብቻ አይበቃም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፍቶ በቦታቸው እንጨት መሥራት የግድ ነው። «ምናለ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ!» እያለች ከአጠገቡ ካለው እንጨት እየቀዳች ስምንት ጣት ሸፈነች። ቀዩን ቀለም ደፋችበት፤ ጠርቷል። ማን እዚያ እጁን አሳርፎ እንደነበር የሚያሳውቅ አንድ ምልክት አልቀረም። አለቃዋ በትከሻዋ በኩል አይቶ፣ «እሰይ መቀስ! እጅሽ ይባረክ» አላት።

ረቡዕ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን መጣ። መስታወቱ ላይ ዕቃ ነጋዴው ስልኩን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ይታያል። ከእሱ ኋላ አሮጊቷ አሉ። ሻሹ ያው ነው። አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። መቀስ ሰላምታ መሰላት። «እኚህ ሴትዮ ደግሞ ፎቶ መነሳት ሲወዱ!» ብላ ሳቀችና መስታወቱን አጠራች።

ዓርብ አልጋ መጣ። አሮጊቷ ከአልጋው ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ግድግዳው ይዞላቸዋል፣ እጃቸው እንደተነሳ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ምንጣፍ፣ ሁለት ሣጥን፣ የምግብ ጠረጴዛ መጣ። በእያንዳንዱ ፎቶ አሮጊቷ አንድ ጥግ ላይ አይጠፉም። ቤቱ በየፎቶው እየሰፋ፣ እሳቸው እያነሱ ይሄዳሉ። መቀስ አሁን መሳቋን ትታለች፤ መቁረጧን ግን አልተወችም።

ከዚያ ትልቁ የግድግዳ መስታወት መጣ። የመስታወት ጠርዝ ሲቆረጥ ምስሉ በብዙ እጥፍ ይጎላል፤ ያለዚያ ጠርዙ ንጹሕ አይሆንም። አጎላችው። የአሮጊቷ ፊት ኮምፒውተሩን ሞላው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አፋቸው አንድ ነገር ሊል ተከፍቷል። ዓይኖቹ ደግሞ ሌላ ማንንም አያዩም፣ መቀስን ነው የሚያዩት። ተነስታ ወጣች፣ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፣ ፊቷን ታጠበች። ስትመለስ ፊቱ እንዳለ ነው፣ ይጠብቃታል። ቢሮው ጠራራ ፀሐይ ገብቶበት፣ ሰዎች እየተሳሳቁ፣ አታሚው ወረቀት እየተፋ፣ እሷ ብቻዋን ከዚያ ፊት ጋር ተፋጠጠች።

እና ምን አደረገች? ቆረጠቻቸዋ! ወይ አንቺ ሴት! እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ነው የፈላው።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ የመጨረሻው ፎቶ ደረሰ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ናት፣ ባዶ ክፍል መሃል የተቀመጠች። አሮጊቷ የሉም። መቀስ እፎይ ልትል ስትል ከበሩ መቃን ሥር አንድ ነገር አየች። እጅ ነው። ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ መዳፉ ወደ ላይ ነው። የቀረው አካል ከግድግዳው ኋላ ነው፣ አይታይም። እንደ ልማዷ ምድጃዋን ቆርጣ አስቀመጠች። ከዚያ ግን አላስቻላትም፣ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ፎቶው ላይ ያሉት ሴትዮ ደህና ናቸው?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ከዕቃው ጀርባ ያሉት። ነጭ ሻሽ ያሰሩት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «እህቴ፣ የሟች ቤት እኮ ነው! የቤቱ ባለቤት ሞታ ነው ወራሿ ዕቃውን የሚሸጠው። እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለም። ለማንኛውም ዕቃው አልቋል፣ ቤቱም ተቆልፏል። ሌላ ፎቶ አልልክልሽም» አለና ዘጋው።

መቀስ ክው አለች። የሟች ቤት? እንግዲያስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይን ለዓይን ስትተያይ የነበረው ከማን ጋር ነው? ፎቶዎቹን ደግማ ልታይ ፋይሉን ከፈተች። ወንበሩ፣ ዳማ ላይ። ቁም ሣጥኑ፣ ዳማ ላይ። አልጋው፣ ዳማ ላይ። አሮጊቷ የሉም። በዚያ ቢሮ ደንቡ እንዲህ ነው፤ የተቆረጠው ፎቶ በዋናው ላይ ይቀመጥበታል። ኮምፒውተሩ ሞልቷል እየተባለ ዋናውን ለብቻ የሚያስቀር የለም። ማን ለጀርባ ብሎ ቦታ ያጣብባል? መቀስ ራሷ ናት ይህን ደንብ ለአዲስ ሠራተኞች ስታስተምር የኖረችው።

ለአለቃዋ ነገረችው። «ምን ሴትዮ? እኔ ያየሁት ወንበር ነው» አላት።

«አንተ የምታየው ካወጣሁ በኋላ ነዋ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አይቻለሁ!»

«እስቲ አሳዪኛ!»

የምታሳየው የላትም። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነላት። «አሥራ አንድ ዓመት ዳማ ማፍጠጥ ቀልድ አይደለም። ሰኞን እረፊና ማክሰኞ ነይ» ብሎ ወደ ቤቷ ሸኛት።

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ሦስቱን ቀን መቀስ እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷ ነች የምታውቀው። አንዴ አብጃለሁ ትላለች፣ አንዴ መንፈስ ነው ያየሁት ትላለች። ባዶ ግድግዳ ስታይ ያቺ መዳፍ ትመጣባታለች። ለባሏ እንዳትነግረው ሳቁን ፈራች። ሰኞ ግን ሾፌሩ ራሱ፣ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ሲላት ሆዷ አልቻለም፣ ዘረገፈችለት። አልሳቀም። ጉርሻውን አቁሞ ሰማት።

«እና ነጋዴው ሞታለች አለሽ?»

«አዎ። የሟች ቤት ነው አለኝ።»

«መጀመሪያ ቆመው ነበር አልሽ። ኋላ ከሱ፣ ተቀመጡ፣ ተኙ አልሽ።»

«አዎ።»

«መቀስ፣» አላት፣ «የሞተ ሰው እኮ አይከሳም።»

እጇ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። እውነቱን ነው። የሞተ ሰው አይከሳም፣ ከንፈሩ አይደርቅም፣ በየሁለት ቀኑ ቦታ አይለውጥም። እኚህ ሴትዮ በሕይወት ነበሩ፤ ቤቱ ደግሞ ከተቆለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። የት እንደሆነ ግን አታውቅም፣ የምታውቅበትንም በገዛ እጇ አጥፍታዋለች።

ማክሰኞ ቢሮው ሲከፈት እሷ በሩ ላይ ነበረች። የወንበሩን ፎቶ ከፍታ ዳማውን አፍጥጣ አየችው። ያኔ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለላት። ጀርባን ማጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መደምሰስ ነው፤ የሄደው ሄደ። ሌላው ለፎቶው «እዚህ ቦታ ላይ አትታይ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ ቀለሙ እዚያው እንዳለ ነው፣ እንዳይታይ ብቻ ተከልክሏል። እሷ የምትሠራው በሁለተኛው ነው። ፋይሉ ሲቀመጥ ፕሮግራሙ የማይታየውን ቀለም ይጥለዋል፣ «አቆየው» የምትል አንዲት ምልክት ካልተደረገች በቀር። ፕሮግራሙ ደግሞ በቅርቡ ታድሷል። ያቺን ምልክት ከታደሰ ወዲህ አይታት አታውቅም። አየቻት። እድሳቱ «አቆየው» ላይ አድርጓታል።

ክልከላውን አነሳችው።

ክፍሉ ተመልሶ መጣ። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ። ከወንበሩም ጀርባ አሮጊቷ፣ በነጭ ሻሻቸው፣ ቀጥ ብለው እያዩዋት። እጆቻቸው ግን አንጓቸው ላይ አልቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው እንጨት ነው። ጣቶቹን ራሷ በእንጨት ተክታቸዋለች፣ እነሱ ተመልሰው አይመጡም። መቀስ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች።

እያለቀሰች አሥራ ዘጠኙንም ፎቶ እንዲሁ ገልጣ በቀናቸው ተራ ደረደረቻቸው። ቆመው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ተቀምጠው፣ ተኝተው፣ በመጨረሻ እጅ ብቻ። ከሁለተኛው ፎቶ ጀምሮ እጃቸው የተነሳ ነበር። ሰላምታ አልነበረም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጣርተዋል፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አውጥታ ጥላቸዋለች።

አለቃዋ ገብቶ አየ። ቦርሳውን ሳያወርድ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «አምላኬ! ፖሊስ ጥሪ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ጮኸባት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ፖሊስ ቢጠራስ፣ ወዴት ሂድ ይባላል? ነጋዴው እንደሆነ የእሷን ስልክ አያነሳም። መቀስ መስኮቱን አጎላችው። ከመስኮቱ ውጪ የውሃ ማማ አለ፤ መሰላሉ ከግማሽ በታች ተገንጥሎ ተንጋዷል። ቆርጣ ለባሏ ላከችለት። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ ደወለ። «ይኼንን ማማ እኮ በቀን ስምንት ጊዜ አልፈዋለሁ! ቤቱ ከኋላው ያለው መንገድ ላይ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ጠብቂኝ!» አውቶቡሱን ለተተኪው ሰጥቶ በታክሲ መጣ።

አንድ ፖሊስ ይዘው ሄዱ። ፖሊሱ መንገድ ላይ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ ደወለ። ነጋዴው የፖሊስ ድምፅ ሲሰማ የቤቱን ቁጥር ሰጠ፣ ቃሉንም አጠፈ። «እሷን ነው እንዴ? ወራሹ፣ የሟቿ የወንድም ልጅ፣ ‹አእምሮዋ የተነካ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ብትለምንህም አትስማት› ብሎኝ ነው። አልፎ አልፎ ዳቦ ያስቀምጥላት ነበር። እኔ ዕቃ ነው የምገዛው፣ ምን አገባኝ?»

«በሩ መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው?»

«ዓርብ።»

መቀስ በጣቷ ቆጠረች። አራት ቀን። የያዘችውን የውሃ ጠርሙስ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው።

ቤቱ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። አጥር ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሰው የለም። በሩ ከውጪ በቁልፍ ተከርችሟል። ፖሊሱ በቡጢ ደበደበው። ሾፌሩ ተጣራ። መልስ የለም። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ፣ ምንም የለም። ፖሊሱ ቁልፉን ሰበረው።

መቀስ ቀድማ ገባች። መንገዱን ታውቀዋለች። እዚህ ጋ ቁም ሣጥኑ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ቦታው ነጣ ብሎ ቀርቷል። እዚህ ጋ አልጋው፣ አራት የእግር ምልክት ወለሉ ላይ አለ። እዚህ መስታወቱ፣ ሚስማሩ ቀርቷል። ሦስት ሳምንት ዕቃውን አስቀርታ የጣለችው ቤት ይኼ ነው፤ አሁን ዕቃው ሄዶ ቤቱ ቀርቷል፣ እሷም መሃሉ ቆማለች። ከምድጃዋ ክፍል በር ሥር ያቺ መዳፍ አለች፣ ልክ በነበረችበት ቦታ።

ተንበርክካ ያዘቻት። ትሞቃለች።

«አሉ!» ብላ ጮኸች። «በሕይወት አሉ!»

ሾፌሩ መጥቶ ቀና አድርጎ ደረቱ ላይ አስደገፋቸው። ክብደታቸው ምንም አልነበረም። አሮጊቷ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡ። ሾፌሩን አዩ፣ ፖሊሱን አዩ፣ በመጨረሻ እጃቸውን የያዘችውን ሴት አዩ።

«ማን… ላካችሁ?»

«ማንም አልላከንም እማማ» አለች መቀስ። «ፎቶው ላይ አይቼዎት ነው። ሥራዬ ነው፣ ፎቶዎቹን የምሠራው እኔ ነኝ።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። ድምፃቸው ከጉሮሯቸው እየተቆራረጠ ወጣ። «ብዬ ነበር! ሰውየው አያየኝም፣ ያ የወንድሜ ልጅም አያየኝም፤ ፎቶውን ግን የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ… እሱ ፎቶ ባነሳ ቁጥር እየተጎተትኩ እገባበት ነበር።» እጇን ጨበጥ አደረጓት። «ተባረኪ ልጄ። መቼ ነው ያየሽኝ?»

መቀስ «ዛሬ» ልትል ትችል ነበር። ማንም አያጋልጣትም። ባሏ እንኳ ትን እንዳለው ሰው ትንፋሹን ይዞ ያያታል፣ ዛሬ በዪ እንደሚላት ያስታውቃል። እሷ ግን በእነዚያ ዓይኖች ፊት ሌላ ውሸት አልሆነላትም።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ያየሁዎት እማማ» አለች። «ወንበሩን ይዘው ሲቆሙ ጀምሮ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡና ፊታቸውን ወደ ሾፌሩ አዞሩ።

«ውሃ አለህ ልጄ?» አሉት።

ውሃው መቀስ እጅ ላይ ነበር። ለባሏ አቀበለችው፣ እሱም አጠጣቸው።